የመድኃኒቴ ሽፋን «ናኖ ቅንጣት» አለው ተብዬ አቆምኩት። አንጀቴ ውስጥ የተገኘው ነገር በእርግጥ የሕመሜ መንስኤ ነው?

ሜሮን_ገርጂ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ይረዝማል፣ እባካችሁ ታገሡኝ።

29 ዓመቴ ነው። ክሮንስ የሚባለው ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት እንዳለብኝ ከታወቀ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ከዚያ በፊት አሜባ ነው ተባልኩ፣ ታይፎይድ ነው ተባልኩ፣ ቀጥሎ የአንጀት ቲቢ ነው ተብሎ ስድስት ወር ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ዋጥኩ። ክብደቴ 43 ኪሎ ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ሁለተኛ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) ተደርጎልኝ ናሙናው በደንብ ሲታይ ክሮንስ ነው ተባለ። አዛታዮፕሪን የሚባለውን የሰውነት መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ጀመርኩ፣ ቀስ በቀስ ሰው ሆንኩ። ሥራዬም ተመለስኩ።

ባለፈው ወር ቴሌግራም ላይ አንድ ቪዲዮ ደረሰኝ። ሰውዬው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ የአንጀት ሥጋ ያሳያል። በግራጫው መሐል ነጫጭ ነጥቦች አሉ። «ይሄ ብረት ነው፣ ይሄ ቲታኒየም ነው፣ ከክኒናችሁና ከማስቲካችሁ የመጣ ነው፤ የአንጀት ሕመም የሚባለው ይኸው ነው» ይላል። ከዚያ «ናኖውን ጠርጎ የሚያወጣ» የሸክላ አፈር ዱቄት ይሸጣል፣ አንዱ ቆርቆሮ 4,500 ብር። የመድኃኒቴን ወረቀት አውጥቼ ሳነብ እውነትም «ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ» የሚል አገኘሁበት። ያን ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ መድኃኒቱን አቆምኩ፣ ዱቄቱንም አዘዝኩ።

ዛሬ 19ኛ ቀኔ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ በቀኝ በኩል ከእምብርቴ በታች እየቆረጠኝ ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም።

ጥያቄዬ፦ ፎቶው ውሸት ነው? እውነት ከሆነስ ምን ላድርግ?

---

ቤዛ_ፋርማሲ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡58

ሜሮንዬ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይ። ዛሬ ማታ ካልሆነልሽ ነገ ጠዋት በመጀመሪያ ሐኪምሽ ጋ ደውይ። ትኩሳት ካለሽ፣ የሚያስመልስሽ ከሆነ፣ ወይም ሆድሽ ተነፍቶ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለሽ ግን ነገን አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ክሮንስ ቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ላይ ሲነሣ ሕመሙ ልክ አንቺ ያልሽው ቦታ ላይ ነው። ጠባሳው አንጀቱን ሊያጠብበውም ይችላል። አዛታዮፕሪኑንም ራስሽ እንዳትመልሺው። በምን መጠን እንደሚጀመርና መጀመሪያ የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን።

ዱቄቱን አቁሚ። ለምን እንደሆነ ሌሎች ያስረዱሻል፣ እኔ ስለ ክኒኑ ብቻ ልበል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነጭ ቀለም ነው። ክኒን ላይ የሚቀባው ነጭ ለማድረግና መድኃኒቱን ከብርሃን ለመከላከል ነው። ሽፋኑ ራሱ ከክኒኑ ክብደት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፣ ቲታኒየሙ ደግሞ የዚያ ሽፋን አንድ ክፍል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት ሰው በቀን ምን ያህል እንደሚበላ አስልቶ ነበር፦ አዋቂ በኪሎ ክብደቱ ከ0.2 እስከ 0.7 ሚሊግራም፣ ሕፃናት ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም። ልጆቹ የበለጡት ከረሜላና ማስቲካ ስለሚበሉ ነው። የምግቡ ቀለም ውስጥ ካሉት ቅንጣቶች 36 በመቶ ያህሉ ከ100 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በታች ሆነው ተገኝተዋል። አንድ ማስቲካ ማኘክ ከአንድ ክኒን የበለጠ ሊያስገባ ይችላል ማለት ነው። ማስቲካውን መተው ትችያለሽ፣ ምንም አይጎድልብሽም። መድኃኒቱን ስትተዪ ግን ያጣሽውን አሁን በሆድሽ እያየሽው ነው።

---

ዮናስ_አያት | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ እግዚአብሔር ይማርሽ። ሐኪም ጋ ሂጂ የሚለውን እኔም እደግፋለሁ። ግን አንድ ነገር በቅንነት ልጠይቅ። ነገሩ ምንም ካልሆነ አውሮፓውያን ለምን አገዱት? ፈረንሳይ ከ2020 ጀምሮ፣ የአውሮፓ ኅብረት በሙሉ ደግሞ በ2022 ከምግብ አውጥተውታል። እኛ አገር የሚመጣው ብስኩትና ከረሜላ ላይ ማን ነው የሚያየው? ሰው ሲጠይቅ «በቴሌግራም አትመኑ» ብሎ መዝጋት ልክ አይመስለኝም።

---

ፓቶሎጂስት_ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

የአንጀት ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት የየዕለት ሥራዬ ነው። ዮናስ የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ።

ሜሮን፣ ፎቶው የማን እንደሆነ ባላውቅም እንዲህ ያለው ፎቶ እውነት ሊሆን ይችላል። በሰው አንጀት ውስጥ ባዕድ ቅንጣት መኖሩ ሰዎች እንደሚሉት የተደበቀ ነገር አይደለም። የቀጭኑ አንጀት መጨረሻ ላይ «ፔየርስ ፓች» የምንላቸው የመከላከያ ሴሎች ሰፈሮች አሉ። እነዚያ ሰፈሮች ላይ የተከደነው ስስ ሽፋን «ኤም ሴል» የሚባሉ በረኞች አሉት። ሥራቸው ከአንጀቱ ውስጥ ጥቃቅን ነገር እየቆነጠሩ ወደ ውስጥ ማቀበል ነው፤ ሰውነት ወዳጅና ጠላቱን የሚለየው በዚህ ነው። የሚቀበሏቸው ደግሞ ማክሮፋጅ የሚባሉት፣ ያገኙትን የሚውጡ ሴሎች ናቸው። የተዋጠው ባክቴሪያ ከሆነ ይፈጫል። ማዕድን ከሆነ ግን አይፈጭም፣ እዚያው ይቀመጣል።

ከፔየርስ ፓች ሥር ጠቆር ያለ ዱቄት የጠገቡ ሴሎች የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ጆናታን ፓውልና ባልደረቦቹ «ገት» በተባለው መጽሔት ላይ ይህ ዱቄት ምን እንደሆነ ለይተው አወጡ። አንዱ ከ100 እስከ 200 ናኖሜትር የሆነ ክብ ክብ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፣ የምግብና የመድኃኒት ነጭ ቀለም። ሌላው አሉሚኖሲሊኬት ነው፣ በቀላሉ የሸክላ አፈር ብናኝ በሉት። ዱቄቱ ገና በልጅነት መጠራቀም ይጀምራል። አሁን የምለውን ደግሞ ልብ በይ፦ ጤነኛ ሰውም ላይ አለ፣ አንጀቱ የታመመም ላይ አለ። እኔም አንጀት ውስጥ አለ፣ ቪዲዮውን የሠራው ሰውዬ አንጀት ውስጥም አለ።

በ2004 ደግሞ ጣሊያናዊቷ አንቶኒዬታ ጋቲ ካንሰርና ክሮንስ ካለባቸው ሰዎች የተወሰደ የትልቁ አንጀት ናሙና ውስጥ ልዩ ልዩ ስብጥር ያላቸው ማይክሮና ናኖ ቅንጣቶች ማግኘቷን አሳተመች። ብዙ ጊዜ በየቪዲዮው የሚዞረው የዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ነገር ግን ቅንጣት ቁስል ውስጥ ተገኘ ማለት ቁስሉን አመጣው ማለት አይደለም። የቆሰለ አንጀት በሩ ክፍት ነው፣ ያለፈ ሁሉ ይገባበታል። ጎርፍ ያፈረሰው ግድግዳ ውስጥ ጭቃ ብታገኙ ግድግዳውን ጭቃው አፈረሰው አትሉም።

ታዲያ ጥርጣሬው ከየት መጣ? ከቦታው። የክሮንስ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ቁስሎች ብዙ ጊዜ የሚታዩት እነዚያው የመከላከያ ሰፈሮች ላይ ነው። ስለዚህ ሰዎች ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፦ ቅንጣቱን ከምግብ ብንቀንስስ? በ2001 እንግሊዝ ውስጥ 20 ታካሚዎች ለአራት ወር ሞከሩት። ቅንጣት ከቀነሰ ምግብ ከበሉት ሰባቱ ሕመማቸው ጋብ አለ፣ ከሌላው ቡድን ግን አንድም ሰው አልተሻለውም። ያን ጽሑፍ ሳነብ በጣም ነበር ደስ ያለኝ። በ2005 ያው ቡድን 83 ታካሚዎችን ይዞ በብዙ ሆስፒታሎች ደገመው። ምንም ልዩነት አልታየም። የምግብ ለውጡ ክሮንስን አላሻለም።

ነገሩ በዚያ አልተዘጋም። በ2017 የዙሪክ ተመራማሪዎች አንጀታቸው በኬሚካል የተቃጠለ አይጦችን ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሲያበሏቸው ብግነቱ ባሰ። ጤነኛ አይጥ አልታመመም፣ የታመመው ግን ባሰበት። በዚያው ሥራ አልሰራቲቭ ኮላይተሳቸው (የትልቁ አንጀት ብግነት) የተነሣባቸው አንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ የቲታኒየም መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አንጀቱ ስለቆሰለ ነው ቲታኒየሙ ወደ ደም የገባው ወይስ ቲታኒየሙ ነው ያቆሰለው? ጥናቱ ይህን አይለይም።

ዮናስ፣ ስለ እገዳው፦ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በግንቦት 2021 ያለው «ከእንግዲህ አስተማማኝ ነው ማለት አልችልም» ነው፤ ዋናው ምክንያቱም በዘረመል ላይ ጉዳት ሊያደርስ እንደማይችል ማረጋገጥ አለመቻሉ ነው። የአንጀት ብግነት ያመጣል ብሎ አላገደውም። ምግብን የሚያነጣ ብቻ፣ ለሰውነት ምንም የማይጠቅም ነገር ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ማገድ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የአሜሪካው ባለሥልጣን ግን ከምግቡ ክብደት 1 በመቶ እስካላለፈ ድረስ ዛሬም ይፈቅዳል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) የጋራ ኮሚቴም በ2023 ገደብ አያስፈልገውም ብሏል። ያንኑ መረጃ አይተው ነው እንዲህ የተለያዩት።

ዱቄቱን በተመለከተ፦ የሸክላ አፈር ዱቄት ራሱ አሉሚኖሲሊኬት ነው። ከአንጀትሽ ይጠርገዋል ከተባለው ነገር አንዱን ዓይነት ነው በማንኪያ እየዋጥሽ ያለሽው። የዋጠ ማክሮፋጅ ውስጥ የተቀመጠን ማዕድን ደግሞ በአፍ የሚወሰድ ነገር አያወጣውም። ይህን ስጽፍ እናደዳለሁ፣ ምክንያቱም የሚሸጠው ለታመመ ሰው ነው።

---

መምህር_ኬሚስትሪ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ዶክተር በደንብ አስረድተዋል። እኔ የፕላስቲኩን ልጨምር፣ ምክንያቱም አሁን ሰው የሚያወራው እሱን ነው።

በ2021 መጨረሻ ከናንጂንግ የወጣ ጥናት የ52 የአንጀት ብግነት ታካሚዎችንና የ50 ጤነኞችን ሰገራ መርምሮ በአንድ ግራም ደረቅ ሰገራ በአማካይ በታካሚዎቹ 41.8፣ በጤነኞቹ 28 የፕላስቲክ ቅንጣት አገኘ። በታሸገ ውሃና ተዘጋጅቶ በሚገዛ ምግብ የሚኖሩት ላይ ቁጥሩ ከፍ ይላል። አስደንጋጭ ይመስላል፣ ግን ዶክተር ያነሡት የጎርፍና የግድግዳ ጥያቄ እዚህም አለ። የታመመ ሰው ይበልጥ የታሸገ ውሃ ይጠጣል። ሜሮን ራሷ ከታመመች ወዲህ የቧንቧ ውሃ ትጠጣለች? አይመስለኝም።

ከላቦራቶሪ በኩል ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ፕላስቲክ ልብሳችን ላይ አለ፣ ጓንታችን ላይ አለ፣ አየሩ ውስጥ አለ። ናሙናው ሳይበከል መለካት እጅግ ከባድ ነው። ቲሹን አቃጥሎ በጋዙ ፕላስቲክን የሚለየው ዘዴም ስብን ፖሊኢትሊን ከሚባለው የፌስታል ፕላስቲክ ጋር ሊያምታታ ስለሚችል ከባለሙያዎች ትችት እየቀረበበት ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል ግራም ፕላስቲክ አእምሯችን ውስጥ አለ» የሚል ዜና ስታዩ በርጋታ አንብቡ።

እርግጠኛ የሆንኩበትን ልንገራችሁ፦ ሙቀት። በ2020 «ኔቸር ፉድ» ላይ የወጣ ሥራ ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ የሕፃን ጡጦ በትኩስ ውሃ ወተት ሲዘጋጅበት በሊትር እስከ 16 ሚሊዮን ቅንጣት እንደሚለቅ አሳይቷል። እኛ ደግሞ ትኩስ ሽሮ በፌስታል እናስቋጥራለን! ከእሳት የወረደ ወጥ በስስ ፕላስቲክ ተቋጥሮ ሲሄድ ሳይ ሁሌም ያመኛል። ፓርላማው በ2017 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሏቸውን የፕላስቲክ ከረጢቶች የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ይህ ልማድ አብሮ ይቀራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ሳህንና ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ ከባድ አይደለም። ይህን የምለው ክሮንስን ይከላከላል ብዬ አይደለም፣ አላስፈላጊ ስለሆነ ነው።

---

ነርስ_ደብረማርቆስ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡30

ይህን ውይይት ሳነብ ዝም ማለት አቃተኝ። ባዕድ ቅንጣት ሰውነት ውስጥ ገብቶ በሽታ ሲያመጣ ማየት የሚፈልግ ሰው የእኛን ክሊኒክ ይጎብኝ። የእግር ዝሆኔን ማለቴ ነው።

ድሮ ዝሆኔ ሁሉ ትንኝ ከምታስተላልፈው ትል የሚመጣ ይመስል ነበር። የእኛ ደጋ ላይ ግን ያ ትል የለም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የታማሚዎቹ አገር የት እንደሆነ ካርታ ላይ አኖረ። ካርታው ከቀይ አፈር ጋር ገጠመ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታና በቂ ዝናብ ያለበት ቦታ የሚገኝ ቀይ ሸክላ አፈር ነው። የታማሚዎችን የብሽሽት ንፍፊት አውጥቶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያይ ማክሮፋጆቹ በሲሊካና በአሉሚኖሲሊኬት ብናኝ ተሞልተዋል። ዶክተር ከፔየርስ ፓች ሥር አለ ያሉት ዓይነት ማዕድን! በባዶ እግር የሚሄድ ገበሬ ከቆዳው ስንጥቅ የገባው ብናኝ የሰውነትን ትርፍ ፈሳሽ የሚመልሰውን የሊምፍ ቧንቧ እያቆሰለ ይዘጋዋል። ፕራይስ በሽታውን ፖዶኮኒዮሲስ አለው፣ በግሪክኛ የእግርና የአቧራ ማለት ነው። አገራችን ውስጥ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳለበት ይገመታል።

ለሜሮን ጥያቄ ይጠቅማል የምለው ይኼ ነው፦ አፈሩ ጥፋተኛ ነው የተባለው በፎቶ ብቻ አይደለም። ካርታው አለ። በ1985 ፕራይስና ፋይፍ የሲሊካ ብናኝ ወደ ጥንቸል የሊምፍ ቧንቧ ሲያስገቡ ቧንቧው ጠባሳ ሠርቶ ተዘጋ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫማ አለ። ሰሜን አፍሪካ ውስጥ ሰው ጫማ ማድረግ ሲጀምር በሽታው ጠፋ። መንስኤውን ስታነሱት በሽታው የሚቀር ከሆነ ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? በአንጀቱ በኩል ግን ቅንጣቱን ሲያነሱት በሽታው አልቀረም፣ የ83ቱ ሰዎች ጥናት ያለው ይህንኑ ነው። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግሩ ይሄዳል፣ የሚታመመው ግን አንዳንዱ ነው፣ በዘርም ይሄዳል። በ2012 ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ወላይታ ላይ ያደረጉት ጥናት «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ ወጣ። የመከላከያ ሥርዓታችን ባዕድ ነገርን የሚለይበት ኤችኤልኤ የተባለው የዘረመል ክፍል ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። ሕዝቡ ለብዙ ዘመን «እርግማን ነው፣ የዘር ነው» እያለ ታማሚን ሲያገልል፣ ጋብቻ ሲከለክል ኖሯል። ዘር ብቻውን ግን ጫማ ያደረገን ሰው አያሳምምም። ለዚህ ነው የምቆጨው።

---

ዮናስ_አያት | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡05

ሲስተር፣ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። ግን እንዲያውም ሌላ ጥያቄ ወለደብኝ። የሸክላ ብናኝ አንጀትን የሚያሳምም ቢሆን እኛ ሁላችን አልቀን ነበር። ያደግሁት ገጠር ነው። ጤፍ የሚወቃው አውድማ ላይ ነው፣ በበሬ እየተበራየ፣ አውድማው ቢለቀለቅም አፈር መግባቱ አይቀርም። እናቴ ስንቴ ብትነፋው ከጤፍ የሚያንስ አፈር ከጤፍ ጋር ያልፋል። ታዲያ ገበሬው ለምን ክሮንስ የለበትም?

---

ፓቶሎጂስት_ነኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ዮናስ፣ ይህ ጥያቄ ጉባኤ ላይ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፍ የሚለው በከፊል አውድማው ላይ ከሚቀላቀለው አፈር እንደሆነ ከ1980 ገደማ ጀምሮ ተጽፏል። አፈር መብላታችን በምርመራ የተረጋገጠ ነው።

ሁለት ነገር አለ። ኤም ሴል የሚቆነጥረው እጅግ ደቃቁን ነው፤ አብዛኛው የአውድማ አፈር ትልቅ ስለሆነ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሁለተኛው፣ ገበሬው ክሮንስ የለበትም ያልከው ያልታወቀ ስንቱን ይዟል? የሜሮንን ታሪክ ተመልከት፤ አዲስ አበባ ላይ ሆና አሜባ፣ ታይፎይድ፣ ቲቢ ተብላ ነው እዚህ የደረሰችው። ኮሎኖስኮፒ በሌለበት ወረዳ ያለ ሰው ምን ተብሎ ይሞታል? የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በማይክሮስኮፕ ሥር ሳይቀር እንደ መንትያ ናቸው፣ እኔም ስንት ጊዜ ተቸግሬያለሁ። ይህን ሁሉ ቀንሰህም ግን ጥያቄህ ይቆማል። ብናኝ ብቻውን በቂ ቢሆን ገበሬው ቀድሞ ይታመም ነበር።

ሲስተር ያነሡት የዘር ነገርም አንጀት ላይ አለ። በ2001 ኖድ2 የሚባለው ዘረመል ከክሮንስ ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ኖድ2 የባክቴሪያን ግድግዳ ስብርባሪ የሚያውቅ ነው። በ2015 የፓውል ቡድን እንዳሳየው ደግሞ አንጀታችን ራሱ ከካልሲየምና ከፎስፌት ናኖ ቅንጣት ይሠራል፤ የምግብንና የባክቴሪያን ቁራጭ ተሸክሞ ወደነዚያ የመከላከያ ሴሎች ያደርሳል። ሰውነት ናኖ ቅንጣትን የሚጠቀምበት መንገድ አለው ማለት ነው። ባዕዱ ቅንጣት የሚገባው በዚያው መንገድ ነው። ምን ተሸክሞ እንደሚገባ፣ የማን ሰውነት እንደሚቆጣበት፣ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ እዚያ ላይ ነው።

---

ራሔል_ረሆቮት | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡10

ከእስራኤል ነው የምጽፈው፣ ሆስፒታል ነው የምሠራው። እዚህ ያለው የእኛ ማኅበረሰብ ታሪክ ለዮናስ ጥያቄ የሚመልሰው ነገር አለ። በ2015 «ሜዲስን» የተባለ መጽሔት ላይ ስለ ቤተ እስራኤል ታካሚዎች አንድ ጥናት ወጥቷል። በአንጀት ብግነት ከተያዙት መካከል ሲመጣ ጀምሮ የታመመ ሰው አልነበረም። ሕመሙ የታየው እዚህ ዓመታት ከኖሩ በኋላ ነው፣ አብዛኛውም ክሮንስ ነው። ከጎንደር መንደር የመጣ ሰው ዘሩን አልለወጠም፣ የተለወጠው ኑሮው ነው።

ግን ምኑ ነው የተለወጠው? የታሸገ ምግብ፣ ነጭ ዳቦ፣ ከረሜላ፣ ማቀዝቀዣ፣ አንቲባዮቲክ፣ ንጹሕ ውሃ፣ የአንጀት ትል መጥፋት፣ ሲጋራ የጀመረም አለ። ነጩ ቀለም ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን መዝዞ «ይሄ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ምን ሊሸጥልኝ ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ሜሮን እህቴ፣ ለክሮንስ በእርግጥ የሚታወቅ ነገር አለ። ማጨስ ያብሰዋል። የሚጠጣ የተመጣጠነ ምግብ ብቻ ለሳምንታት መውሰድ በተለይ ልጆች ላይ ብግነቱን እንደሚያበርድ በሚገባ ተረጋግጧል፣ ስለዚህ ምግብ ምንም አያገባውም ማለት አይደለም። ግን ከሐኪም ጋር የሚደረግ ነው። እናትሽን ንገሪያት። እኔ ልጅ አለኝ፣ ብትደብቀኝ ነው የሚያመኝ።

---

ሜሮን_ገርጂ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡45

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዘግይቼ ነው የመለስኩት፣ ይቅርታ።

ሐሙስ ሐኪሜን አገኘሁት። አልተቆጣኝም። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አዘዘልኝ። የመጨረሻው የቀጭን አንጀቴ ግድግዳ ወፍሯል፣ ግን አልተዘጋም። ለጊዜው ፕሬድኒሶሎን የሚባል ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት ጀመርኩ፣ አዛታዮፕሪኑንም በሱ ክትትል መለሰልኝ። ስለ ቲታኒየሙ ስጠይቀው ሽፋኑ ውስጥ ያ ቀለም የሌለበት ሌላ ምርት ካለ ፋርማሲ ጠይቂ፣ እስኪገኝ ግን ያለውን ዋጪ አለኝ። ቤዛ፣ ልክ አንቺ እንዳልሽው። የሸክላውን ዱቄት ጣልኩት፣ ሰውዬው ብሬን አልመለሰልኝም። ማስቲካ ትቻለሁ። ወጥ የምናስመጣው አሁን በምሳ ዕቃ ነው፣ መምህር ይህን ሲያነቡ ደስ እንዲላቸው ነው የምጽፈው።

ለእናቴም ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ አብራኝ ሆስፒታል መጣች። መንገድ ላይ የሲስተርን ጽሑፍ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰምታኝ «የአያትሽን እግር ነው የምታወራው» አለች። አያቴ ቢቸና አካባቢ ናት። እግሯ ሲያብጥ ስንት ዓመቱ ነው። እኛ ቤት የሚወራው «ልጅ ሆና ምትሃት ረግጣ ነው» ተብሎ ነው። ስንሄድ ነጠላዋን ጎተት አድርጋ እግሯን ትሸፍናለች። አጠገቧ እየተቀመጥኩ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም።

ሲስተር፣ አሁን ከረፈደ በኋላ የሚደረግ ነገር አለ? 70 አልፏታል።

---

ነርስ_ደብረማርቆስ | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡20

ሜሮንዬ፣ አለ። የገባው ብናኝ አይወጣም፣ ያ እውነት ነው። እግሩ ግን ይቀላል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያንቀጠቅጣትና አልጋ ላይ የሚጥላት ትኩሳት ይቀንሳል። እዚሁ ምስራቅ ጎጃም ላይ 696 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2018 «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ላይ ወጥቷል። እግራቸውን በሥርዓት የተንከባከቡት ላይ ያ ሕመም የሚነሣበት ጊዜ ቀንሷል። ያደረጉት ውድ ነገር አይደለም።

በየቀኑ እግሯን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ በተለይ በእጥፋቱና በጣቶቿ መሐል። ከዚያ ሳትጫኚና ሳታሺ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጣል ጣል እያደረግሽ ማድረቅ፤ በጣቶቿ መሐል እርጥበት አይቅር። ቀጥሎ ቫዝሊን፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ። በጣቶቿ መሐል ነጭ ነገር ወይም ሽታ ካለ የፈንገስ ቅባት ያስፈልጋታል። ስትቀመጥ እግሯ ከፍ ይበል። ፋሻ አጠቃቀሙን ግን ጤና ጣቢያ ያሳዩዋት፣ ያለ ልክ ከታሰረ ይጎዳል። ትኩሳትና መቅላት በመጣ ቀን ፋሻው ይፈታ፣ ቶሎ ሐኪም ይያት።

እና ካልሲና የተዘጋ ጫማ። እግሯ ስለሰፋ ከገበያ የሚሆናት ላይገኝ ይችላል። እግሯን ወረቀት ላይ አቁመሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪውና፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይም ዙሪያውን በክር ለኪ። ሁለቱንም እግር፣ መጠናቸው አንድ አይደለም። የምንሰጠው ጫማ በልክ ነው የሚሰፋው። ወረቀቱን ይዘሽ ነይ፣ በውስጥ መስመር ክሊኒካችን የት እንዳለ እነግርሻለሁ።

የቤቱን ልጆችም እይያቸው። ጫማ አላቸው?